መሬት የነካ የጠራጊ ነው

ሰሞኑን የሰሊጥ ገበያው በር ላይ ሻዊሽ ባቢክርን አገኘሁት። ሻዊሽ ማዕረጉ ነው፤ ፖሊስ ነው ሰውየው። እኔ እኮ ሞቷል ሲሉኝ ነፍስ ይማር ብየ፣ ከንፈሬን መጥጨ የተውሁት ሰው ነው! ጦርነቱ ወጣቱን ሁሉ ስለወሰደባቸው ነው መሰለኝ ጡረተኛውን ከቤቱ አውጥተው፣ የሰፋው ዩኒፎርም አልብሰው በር ላይ ጎልተውታል። ጥርሱ አልቋል። ዱላው ግን አለች። ከጀርባው አዲሱ ሰሊጥ ከሎሪ እየወረደ ነበርና ሽታው መጣብኝ፤ ቅባትና ትኩስ አፈር የተቀላቀለበት፣ ዕድሜየን የፈጀሁበት ሽታ። «ኡም ሰላም፣ በሕይወት አለሽ?» አለኝ። የሰላም እናት ማለቱ ነው፤ እዚህ አገር እናት በልጇ ነው የምትጠራው። «አለሁ ጀናቡ፤ አንተም አልሞትህማ» አልሁት፤ ፖሊስ እዚህ «ጀናቡ» ተብሎ ነው የሚከበረው። ሳቀ። ወዲያው ሳቁን ዋጥ አደረገና ዱላውን በሩ ላይ አጋድሞ፣ «ዘንድሮ ለውጭ ሰው መግባት የለም፤ ቃኑን ነው» አለኝ። ሕጉ ነው ማለቱ ነው። ይኸ ሰውየ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ «ቃኑን ነው» እያለኝ እኔም አረጀሁ፣ እሱም አረጀ፤ ቃኑኑ ብቻ በየጊዜው አዲስ ነው።

ገዳሪፍ የገባሁት በዚያ በክፉው ጊዜ፣ በረሀቡና በጦርነቱ፣ ሰላምን በሆዴ ይዠ ነው። ከአርማጭሆ ወርደን መተማን አለፍንና ባሌ ገላባት ላይ በወባ ቀረ። የቀበርሁትም እዚያው ነው፤ ዛሬ መቃብሩን ፈልጊ ብትሉኝ አላገኘውም። ልጄን ወልጀ አራስነቴን ሳልጨርስ ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ያኔ ገዳሪፍ እንዲህ በራክሻ፣ በዚህ ባለ ሦስት እግር መኪና፣ ጩኸት አልደነቆረችም። ባቡሩ ገና ይሠራል። ከጣቢያው ጀርባ ፉል የሚሸጥ አንድ ሽማግሌ ነበር፤ ከትልቁ ማሰሮ እየጨለፈ፣ በሰሊጥ ዘይት እያጥለቀለቀ ለመጣው ሁሉ ያቀርባል፤ ሳንቲም ያነሰውንም «ነገ ትሰጠኛለህ» ብሎ ያበላዋል። አንድ ጂኔ፣ የዚህ አገር ብር ነው፣ ይዞ ገበያ የወጣ ሰው ስኳሩን፣ ሻዩን፣ ሽንኩርቱን ሸምቶ፣ ለልጁ ሐላዋ ገዝቶ መልስ ይቀበላል። አሁንማ አንድ ጂኔ ለልጅ ብትሰጡት ይስቅባችኋል። ሴቱ ቶብ ይለብስ ነበር፤ ቶብ ገላ ላይ የሚጠመጠመው ረጅሙ ስስ ጨርቅ ነው። ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ የብርቱካን ቀለም። ክንድ ይታያል፣ ጸጉር ይታያል፣ ማንም ምን አለ የሚል የለም። ማዕዘኑ ላይ ካሴት የሚሸጥ ልጅ ድምፅ ማጉያውን ወደ ገበያው አዙሮ ሲለቀው፣ ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን ይዘው በዘፈኑ ልክ ነበር የሚራመዱት።

ወደ ገበያው ያስገባችኝ ሐሊማ ናት። ወፍራም፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ከእኔ ትንሽ የምትበልጥ ሴት ነበረች። አያቶቿ ከምዕራብ፣ ከስንት አገር ማዶ በእግራቸው ወደ መካ ሲሄዱ ስንቃቸው አልቆ ገዳሪፍ ላይ የቀሩ ናቸው። አባቷ እዚህ ተወለደ፣ እሷም እዚህ ተወለደች፤ ሰው ግን ሲጣላት «አገርሽ ግቢ!» ይላት ነበር። ሥራዋ ወለል መጥረግ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሰሊጥ ሲገባ ገዥው ጆንያውን በሹል ብረት ወግቶ እህሉን መዳፉ ላይ ያያል። ሲወጋ ይፈሳል። ሲሰፍሩ ይፈሳል፣ ሲሸከሙት ይፈሳል። የፈሰሰውን ጎንበስ ብሎ የሚያነሳ ነጋዴ የለም፤ ካነሳ ነውር ነው፣ ስሙ ይጠፋል። መሬት የነካ የጠራጊ ነው። ሴቶቹ ይጠርጉታል፣ በሰፌድ ያበጥሩታል፣ በወንፊት ይነፉታል፣ አጥበው ያሰጡታል፣ ግመል ለሚያዞረው ዘይት መጭመቂያ ይሸጡታል። የእያንዳንዱ ዳስ ወለል ባለቤት አለው። እናት ስትደክም በወቅቱ መክፈቻ፣ ሴቶቹ ባሉበት፣ መጥረጊያዋን ለልጇ ታስይዛለች፤ ከዚያ ወዲያ ወለሉ የልጅቱ ነው። ይኸን ሹም አላወጀውም፣ ወረቀት ላይም አልሰፈረም። እስከ ዛሬ ካየሁት ሕግ ሁሉ ግን ሳይሻር የቆየው እሱ ነበር።

ሐሊማ ወለል ነበራት፤ ከትልቁ የእህል ጎተራ ወዲህ ያለው ዳስ። «ያ ኡኽቲ፣ ነይ አግዥኝ» አለችኝ፤ እህቴ ማለቷ ነው። ሰላምን አዝየ ገባሁ። ወሩ ሳይሞላ መንግሥት ትእዛዝ አወጣ። ያኔ የነበረው ሹም ካርቱም ተቀምጦ የሚያዝ ባለ ኮከብ ወታደር ነው። ስደተኛ ካርድ ካለው ይሥራ፣ ዜግነቱን ያላስመሰከረ የምዕራብ ሰው ግን ከገበያ ይውጣ። ሻዊሽ ባቢክር፣ ያኔ ገና ጺም ያላወጣ፣ በር ላይ ቆሞ «ቃኑን ነው» አለ። ወይ ጉድ! እኔ የትናንቷ ገባሁ፣ እዚያ የተወለደችው ወጣች። ፀሐይ ጠለቅ ሲል ከዘይት መጭመቂያው ጀርባ አገኘኋትና መጥረጊያዋን ልመልስላት ብዘረጋላት እምቢ አለች። «ካርቱም የራሱ ቃኑን ካለው እኛም የራሳችንን እናውጣ» አለችኝ። «ሕጉ የወደዳት ትጥረግ፤ የተጠረገው ለሁለት።» እሷ በቁርኣን ማለች፣ እኔ በማርያም ማልሁ። ግመሉ እየዞረ ነበር፤ ሁለታችንም ከሳቅ ጋር ነበር የማልነው። ያን ዓመት ሙሉ እኔ ጠረግሁ፣ ግማሹን ወሰደች፤ አንድም ቀን ሰፌዱ ውስጥ አላየችም። እንዴት እንደማምናትና እንዴት እንደምታምነኝ ለዛሬ ሰው ብነግረው ተረት ነው የሚመስለው።

ቀጥሎ ጥምጣም ያሰሩት መጡ። እነሱ ደግሞ ሐሊማን ወደዷት። ሙስሊም ናት፣ ሐጅ የወጡ ሰዎች ዘር ናት ብለው ዜግነቱን እጇ ላይ አስቀመጡላት። እኔ ሐበሻዋ፣ ክርስቲያኗ ወጣሁ። ሴት ከወንድ ጋር ገበያ እንዳትጋፋ፣ ወለሉ የሚጠረገው ወንዶቹ ከወጡ ወዲያ እንዲሆን፣ ጸጉር የታየባት እንድትገረፍ ታዘዘ። እነዚያ የብርቱካን ቀለም ቶቦች የት ገቡ? ከተማው ጠቆረ። ካሴት ሻጩም ድምፅ ማጉያውን ሸክፎ ጠፋ። አንድ ቀን ለሐሊማ ውሃ ላቀብል በሩ ድረስ ብሄድ ነጠላየ ወደ ኋላ ሸርተት አለችና ባቢክር እዚያው ገረፈኝ። እየገረፈኝ ዝቅ ብሎ «ማሊሽ፣ ማሊሽ» ይለኛል፤ ይቅርታ ማለቱ ነው። ለእኔ ለተገራፊዋ ማሊሽ፣ ለሹሙ ዱላ! ያን ዕለት ሐሊማ ግማሼን ይዛ ቤቴ መጣች፤ የሰሊጥ ዘይትም ጨምራ ይዛ መጥታ ጀርባየን እያሸች አለቀሰች። «ዋናው ቃኑን የእኛ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም አምኛት ነበር። ሰላም ያደገችው በዚያ ግማሽ ነው፤ የትምህርት ቤት ልብሷ፣ ደብተሯ፣ የወባ መድኃኒቷ፣ ሁሉም ሐሊማ ጠርጋ ከምታካፍለኝ ነው።

ከዚያ አገሪቱን ወላያ ወላያ ብለው ሸነሸኗት። ወላያ ማለት እንደኛ አገር ክልል ነው። ቀድሞ ለከሰላ እንገብር ነበር፤ ገዳሪፍ ራሷን የቻለች ወላያ ሆነች ተባለና የራሷ ወሊ፣ ገዥ ማለት ነው፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሕግ መጣላት። ሰዉ ከበሮ መታ፣ በሬ አረደ። እኛም እልል አልን፤ ምን እናውቃለን! አለቃ ቅርብ ከሆነ ጩኸታችንን ይሰማል ብለን ነው። ለካስ ዱላው ሁለት ሆኖ ኖሯል። ካርቱም የሚፈቅደውን ወላያው ይከለክላል፣ ወላያው የሚፈቅደውን ካርቱም ይከለክላል። ካርቱም ላይ ሹም ሲወርድ እዚህ ያለው ወሊ በነጋታው ይወርዳል፤ አዲሱ ሲመጣ የፊተኛውን ሕግ ሽሮ የራሱን ያወጣል። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ሰው፤ እኛ በአንዱ ባላ ስንንጠለጠል የሚመታን ሌላኛው ነበር። ሴቶቹ በየቋንቋቸው ሲዘፍኑ እኔም በአማርኛ፣

ወሊ መጣ አሉኝ፣ ወሊ ሄደ አሉኝ፣
መጥረጊያየን ይዠ በር ላይ አቆሙኝ

እያልሁ እዘፍንላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ሲሰሙ በሳቅ ይፈርሳሉ። እስቲ አሁን ያስቃል?

ከወሊዎቹ አንደኛው ገንዘብ አነሰውና የገበያውን ወለል ሸጠው። ወለል እኮ ነው የምላችሁ! መሬት የነካ ሰሊጥ የወላያው ንብረት ነው ተባለና ለአንድ ኮንትራተኛ ተሰጠ። ባቢክር በሩ ላይ መጥረጊያችንን እየተቀበለ ከመረ። ኮንትራተኛው ደግሞ ያገሬው ሴቶች ይከራከራሉ፣ ሐበሾቹ አንገታቸው ደፋ ያለ ነው ብሎ እኛን በቀን ሠራተኛነት ቀጠረን። እንደገና እኔ ገባሁ፣ ሐሊማ ወጣች። ካርቱም ግን ስደተኛ ያለ ፈቃድ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበርና የካርቱሞቹ ሰዎች ለቁጥጥር ሲመጡ ኮንትራተኛው ጆንያ መሀል ይደብቀናል፤ ሲሄዱ ውጡ ይለናል። በእሳትና በውሃ መሀል እየኖርሁ ማታ ማታ ለሐሊማ ግማሿን እወስድላታለሁ። ከቀን ምንዳ ላይ እንኳ ግማሽ! «አሁንስ ተይው፣ የአንቺ ላብ ነው» ብላኝ ነበር። «የማልሁት በማርያም ነው፤ ማርያም ደግሞ ወሊ አይደለችም፣ አትሻርም» ብየ በግድ አስጨበጥኋት።

እንዲህ እያልን ስንፈራረቅ ወጣቶቹ ተነሱ። የዚያን ጊዜ ገዳሪፍን ብታዩዋት! ያ ሁሉ ጥቁር ልብስ ተጥሎ ልጃገረዶቹ ባንዲራ እንደ ሻሽ አስረው መንገዱን ሞሉት። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ያድላል፣ ባለ ራክሻው በነፃ ይጭናል። ወሊው ሸሸ፤ ኮንትራተኛውም ተከትሎት ሸሸ። የወጣቶቹ ኮሚቴ ገበያ መጥቶ ወለሉ ለሴቶቹ ይመለስ፣ ያገር ሴት የስደተኛ ሴት የሚባል የለም አለ። መጥረጊያችንን ማን ይዞልን ቢመጣ ጥሩ ነው? ባቢክር! ደረቱ ላይ ባንዲራ ለጥፎ፣ «ቃኑን ነው፣ ግቡ» እያለ። እኔና ሐሊማ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ወለል ላይ አብረን ጠረግን። ጎን ለጎን። አለቀስሁ፤ ከአፈሩ ጋር እንባየንም ጠረግሁት። ሰላም ያን ጊዜ ባሏ ትቷት፣ ሁለት ልጆች ይዛ እኔ ጋ ተመልሳ ነበር። ሐሊማም ልጆቿ ወደ ሀዋታ እርሻ ወርደው፣ ሴት ልጅ የላትም። «ጉልበቴ ከብዶኛል፣ ያንቺም ከብዶሻል፤ ወለላችንን ለሰላም እናስይዛት» ያለችኝ ራሷ ናት። ለሚመጣው ወቅት ቀጠርን። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ!

የሚመጣው ወቅት ሳይደርስ ወታደሮቹ ተመለሱ፤ ኮሚቴው ተበተነ። ነገሩ ዛሬ ይረጋል ነገ ይረጋል ስንል ወታደሩ ከወታደር ተዋጋና ካርቱም ነደደች። ያ ሁሉ ቃኑን የሚወጣባት ካርቱም! ሰዎቿ ፍራሻቸውን ተሸክመው እኛ ዘንድ መጡ፣ ትምህርት ቤቱን ሞሉት። አዘንሁላቸው፤ ስደትን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል? ከዚያ ያሁኑ ትእዛዝ ወጣ። ለጸጥታ ሲባል የውጭ ሰው ገበያ አይገባም፣ የውጭ ሰው ያስጠጋም ይጠየቃል። ሰላም እዚሁ ተወልዳ፣ ሕልሟን በዓረብኛ የምታይ ልጅ፣ የውጭ ሰው ናት። አገሯ ግቢ ቢሏት የትኛው አገር ትግባ? ማዶው፣ አገሬም ቢሆን ክልሉ ያለውን ፌዴራሉ ሲሽር፣ ፌዴራሉ ያለውን ክልሉ ሲሽር፣ በመሀሉ ተኩስ ነው፤ ከመተማ ሸሽተው የሚመጡትን እኔው ነኝ ውሃ የማጠጣቸው።

ባቢክር በር ላይ የመለሰኝ ዕለት ታዲያ አልደነገጥሁም። ሕግ ሲከለክለን የመጀመሪያችን ነው እንዴ? ያለን አንድ መላ ነው፣ እሱም ሐሊማ ናት። ዘንድሮ ሕጉ የወደደው እሷን ነው፤ ወለሉን በስሟ ትይዛለች፣ ማን ጠረገ ማን ምን አገባው፣ ግማሹ ለሰላም ይሆናል። ሰላምና ልጆቿ ሌላ ምንም የላቸውም፤ እኔም ጉልበቴ አልቋል። ከገበያው በቀጥታ ቤቷ ሄድሁ። ግቢዋ በሰው ተሞልቷል። የእህቷ ልጅ ኢማን ከነልጆቿ ከካርቱም መጥታ ተጠግታታለች። ሐሊማ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፣ ከስታለች፣ ያ ሳቋ የለም። «ሐጃ፣ ወቅቱ ተከፈተ፤ ሰላምን መቼ እናስይዛት?» አልኋት። ሐጃ የምላት ስላረጀች ለማክበር ነው። እሷ የቶቧን ጫፍ ትጠቀልል ጀመር።

«ሐጃ?»

«ኡም ሰላም፣ የውጭ ሰው ያስጠጋ ይወሰዳል እያሉ ነው።»

«መቼ ነው እኛ እነሱን የጠየቅነው? በጅራፉ ጊዜ አልፈራሽም፤ ዛሬ በስተርጅና ነው የምትፈሪው?»

«ያኔ የሚገርፉትን ሰው ገርፈው ይለቁት ነበር» አለች። «አሁን የወሰዱት ሲመለስ አላየሁም።» ቀና ብላ አላየችኝም። «ወለሉን ለኢማን አስያዝኋት፤ ትናንት፣ ሴቶቹ ባሉበት። ቤቷ ነዷል፣ ልጆቿ ይርባቸዋል። ደሜ ናት፣ ምን ላድርጋት?»

«ግማሹስ?»

«ለእነሱም አይበቃ።»

ምን ልበላችሁ! ስንት መንግሥት ሲገባ ሲወጣ፣ ስገረፍ፣ ጆንያ መሀል ስደበቅ፣ እንደዚያ ቀን አልተዋረድሁም። የሹሞቹ ሕግ መቼም ለእኔ ወጥቶ አያውቅ፤ ሲያልፍብኝ አልፎብኝ ስቄ እነሳለሁ። ያቺ ግን የእኔ ሕግ ነበረች። እንዲህ ያለው ነገር አፍ አውጥቶ አይነገርም፤ ተነስቸ ወጣሁ፣ «አላህ ይስጥልኝ» እንኳ አላልኋትም። ሐሊማ ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው፣ ቸግሯት ነው፣ አውቃለሁ። ኢማንም ምስኪን ናት። ይኸን ሁሉ እያወቅሁ ግን ይቅር ልላት አልቻልሁም። ወሊዎቹን ሁሉ ሰብስቤ ብጠላቸው የእሷን ያህል አልጠላኋቸውም፤ ስለማልወዳቸው ነዋ።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኢማን ራሷ በራችን ላይ ቆመች። ለገበያ ያልተሠራ የከተማ ሴት ጫማ አድርጋለች፤ መዳፏ በመጥረጊያው ተልጧል። በሳህን ሰሊጥ ይዛለች፣ ክዳን ደፍታበታለች። «ኻልቲ ሐሊማ ናት የላከችው» አለች፤ አክስቴ ማለቷ ነው። ክዳኑን አነሳሁት። ጥርት ብሎ የተነፋ ነው፤ አንድ ጠጠር የለውም፣ የሐሊማ እጅ ነው። ግማሽ ግን አይደለም፣ የሩቡ ሩብም አይሆን። «ለሐጃ እንዲህ በያት» አልሁ፤ «ግማሽ ቢሆን ድርሻየ ነበር፤ ይኸ ምጽዋት ነው፤ መልሽላት።» ኢማን ሳህኑን እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከኋላየ የሰላም ትንሿ ልጅ ሳህኑን ለማየት እየተንጠራራች ነበር።

ሰላም ከጓዳ ወጣች። ሁሉንም ሰምታለች። «ዩማ፣ ኸላስ» አለችኝ፤ እማየ፣ ይብቃሽ። ሳህኑን ከኢማን ተቀበለችና ድስታችን ላይ ገለበጠችው፤ በእጇ ጠርጋ፣ የቀረችውን ፍሬ ሳይቀር ለቅማ፣ ባዶውን መለሰችላት።

«ሰላም ሹክረን ብላለች በያት ለሐጃ» አለቻት። «ነገም ከተረፋት ትላክልን።»